የባሌ ኮምፓስ ሁለት ሠሪዎች

ባሌ ቀያሽ ነበር። ከተወልኝ ዕቃ ሁሉ ልሸጠውም ልሰጠውም ያልቻልኩት የቅየሳ ኮምፓሱን ነው። እንደ ድስት ክዳን የሰፋ፣ ከነሐስ የተሠራ፣ ግራና ቀኝ ማነጣጠሪያ ያለው። ፊቱ ላይ የሠሪውና የከተማው ስም በቀጭን የላቲን ፊደል ተቀርጿል። ባሌ ከመወለዱ በፊት ባሕር ማዶ የተሠራ ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ቦታ ተለዋውጠው የተጻፉበት ስለሆነ፣ ሙሽራ ሳለሁ ሠሪው የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ባሌ ግን ሳጥኑ ሲዞር መርፌው ስለማይዞር፣ ቁጥሩ በቀጥታ እንዲነበብ ሆን ተብሎ እንደሆነ አስረዳኝ።

ሁለተኛው ሠሪ የጎንደር ሰው ነው። ኮምፓሱ ከበቅሎ ላይ ወድቆ መርፌው የሚያርፍበት ሹል ዘንግ ሲሰበር፣ ባሌ መስቀል ለሚሠራ አንጥረኛ ወዳጁ ወሰደለት። ሰውዬው ሦስት ሳምንት ሞርዶ አዲስ ዘንግ ሠራለት፤ ከሥሩም ምልክቱን፣ ትንሽ መስቀል፣ ጫረበት። ባሌ በደስታ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሁሉ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተሰበረ መሣሪያ ያለው ቀያሽ ሁሉ ወደ አንጥረኛው ይሄድ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ የባሌ ዘመዶች ኮሶዬ ላይ የአባታቸውን መሬት እንዲያካፍላቸው ጠሩት። ረዳቱ ታሞ ስለነበር እኔ ሄድኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ቁጥር መመዝገብ አያቅተኝም። የባሌ ዓይን የቅርብ ነገር ማየት እየተሳነው ስለነበር፣ እሱ ሲያነጣጥር እኔ ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን አነብለታለሁ።

የኮሶዬ ወንድ ያለ ጠመንጃ አይወጣም። ባሌ ብረት መርፌውን እንደሚስብ ነግሯቸው ጠመንጃውንም ማጭዱንም ከጥድ ሥር አስቀመጠ። ከአንድ የወሰን ድንጋይ ተነስተን መሬቱን ዞርን። ወረቀት ላይ ሲያወጣው ግን መሥመሩ ወደተነሳበት ድንጋይ አልመለስ አለ። ደገምነው። ያው ሆነ።

«ምነው አያ ቀያሽ፣ መርፌህ ጠላ ቀምሳለች እንዴ?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ተዋት ትተኛ! ገመድ አምጡ» አለ ሌላው።

ሁሉም ሳቁ። መሬቱም በገመድ ተለካ። በመኪና ወደ ጎንደር ተመለስን። ሰኞ ጠዋት ባሌ አንጥረኛው ሱቅ ሄዶ፣ ደንበኛ ፊት፣ «ዘንግህ አዋረደኝ» አለው። ሰውዬው «ሥራዬን አውቀዋለሁ» ከማለት በቀር አልመለሰለትም። ወሬው መሥሪያ ቤት ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀያሽ ሥራ አልሰጠውም። ሁለቱም ዳግም አልተነጋገሩም። ባሌ ሲሞት አንጥረኛው ለቅሶ መጥቶ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ፤ እህል ሳይቀምስ ወጣ።

አሁን ማራኪ ሰፈር ባለው ቤቴ አንዱን ክፍል የዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ መምህርት ተከራይታዋለች። ባለፈው ወር ኮምፓሱን አይታ፣ የኮሶዬውንም ታሪክ ከእኔ ሰምታ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው፤ ከስልኳ ኮምፓስ ጋርም አስተያየችው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ልክ ነው!»

የተለዋወጡትን ፊደሎች ላሳያት ጎንበስ ስል መርፌው ወደ እኔ ዞረ። ቀና ስል ተመለሰ።

«አንገትዎ ላይ ምን አለ?» አለችኝ።

የግቢያችን በር ቁልፍ የጥንት ነው፤ መዳፍ የሚሞላ ብረት። ካገባሁ ጀምሮ እንዳይጠፋብኝ ከማተቤ ጋር አስሬ ከቀሚሴ ውስጥ አንጠለጥለዋለሁ። ባሌ የወንዱን ሁሉ ብረት ሲያስቀምጥ የእኔን ቀሚስ ማን ያስብ? እኔም አላሰብኩም። ያን ቀን ኮሶዬ ላይ አንዱን ቁጥር ቀርቤ፣ ሌላውን ራቅ ብዬ አንብቤዋለሁ።

መምህርቷ ልታጽናናኝ ስትጀምር ሥራ እንዳለብኝ ነግሬያት ወደ ክፍሌ ገባሁ። ብዙ ቀን አሰብኩ። ልነግረው የሚገባኝ ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም። በመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ አንጥረኛው ሱቅ ወረድኩ።

አርጅቷል። ሱቁን ልጁ ትሠራበታለች፤ እሱ በር ላይ ይቀመጣል።

«ጆሮው ደክሟል፣ እትዬ። ጮክ ይበሉ» አለችኝ።

መጮህ አልወድም። ደንበኞች ነበሩ። «አያ፣ ዘንጉ ደህና ነበር! ጥፋቱ የእኔ ነው! አንገቴ ላይ ቁልፍ ነበር!» አልኩ። መስቀል የምትመርጥ ሴት ዞራ አየችኝ።

«ዘንጉማ ደህና ነው» አለ። «የሠራሁት እኔ አይደለሁም? ይህን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው?»

«አዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ንገሪያቸው።»

«ግማሾቹ ሞተዋል፤ የቀሩትም ጡረታ ወጥተዋል፤ የት እንዳሉ አላውቅም።»

 ልጁ በርጩማ አመጣችልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ባልሽስ ከዚያ ወዲያ በኮምፓሱ ሠራ?» አለኝ።

«አልሠራም። ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወረ። ጡረታ እስኪወጣ ፋይል ሲያገላብጥ ኖረ።»

«መስክ ሳይወጣ?»

«አንድም ቀን።»

አንጥረኛው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መንገዱን ተመለከተ።

«ሁለታችንንም ያዋረደን ቁልፍሽ ነዋ» አለ።

«አዎ» አልኩ፤ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።