ጎንበስ ስል

ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ወረታ ላይ አስተማሪ ነበርኩ። የመንገድ ሥራው መሐንዲስ፣ አንድ ፈረንጅ፣ ጠጉሩ መሬት የሚጠርግ ውሻ ነበረው። እሁድ እሁድ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ሲያበጥረው ሰዉ ከቦ ያያል። እኛ ደመወዝተኞች ደግሞ የትኛው የውሻ ዘር እንደሚበልጥ እንከራከራለን። አንዱ ጆሮው የቆመውን፣ ሌላው አፉ ሾጠጥ ያለውን ያወድሳል። እኔ ውሸታሙ ምን ብል ጥሩ ነው? "ገጠር፣ ቁሐር ሚካኤል፣ አባቴ ቤት ያለው ውሻዬ ዘሩ ከውጭ ነው፤ እንደ ጥጥ የነጣ!"

ክረምት ነበር፤ ሜዳው በሙሉ ውሃ ተኝቶበታል። አንድ እሁድ አባቴን ጠይቄ ስመለስ ውሻው እንዳይከተለኝ ግንድ ላይ አስሬው መጣሁ። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር መሐንዲሱ ደጅ ቆሜ ሳለሁ፣ የተበጠሰ ገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ውሻዬ ከተፍ አለ። መልኩ ቡላ ነው። አንድ ጆሮውን ጅብ በልቶታል። ያን ሁሉ ውሃ ዋኝቶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው የመጣው።

"ይኼ ደግሞ የማን ነው?" አለ አንዱ ጓደኛዬ።

"እኔ አላውቀውም" አልኩና ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ አልኩ።

በእኛ አገር ሰው ጎንበስ ሲል ውሻ ሁሉ ይፈረጥጣል። የእኔ ግን ጎንበስ ስል የሚያውቀኝ ቁራሽ እንጀራ ስሰጠው ብቻ ነበር። ጅራቱን እየቆላ ሮጦ መጣና ድንጋይ የጨበጠውን እጄን ይልስ ጀመር።