የሐጂ ሄሊኮፕተርና የአባቴ ማማ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ወረታ ከአንድ የውሃ ሞተር ጥገና ቤት ገባሁ። መጀመሪያ የተማርሁት ሙያ ሽቦ መቁረጥ ነው። የውሃ ሞተር ዘይት ሲጎድለው ራሱን የሚያጠፋበት አንዲት ቀጭን ሽቦ አለችው። ገበሬው «እየጠፋ አስቸገረኝ» ብሎ ይመጣል። አለቃዬ ዘይቱን አያይም፤ ሽቦዋን ቁረጫት ይለኛል፣ እቆርጣታለሁ። ሞተሩ ይነሳል፣ ገበሬው መርቆን ይሄዳል፣ ከወር በኋላ ዘይት አልቆበት ነክሶ ደርቆ በጋሪ ይመለሳል። የፎገራን መስኖ እንዲህ አድርገን ነው የምናለማው።

አንድ ጥቅምት ሐጂ መጡ። ሐጂ የሩዝ መፈልፈያ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ከባሕር ዳር፣ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚገባ ፈረንጅ አንዲት በሪሞት የምትበር ትንሽ ሄሊኮፕተር ገዝተዋል። ጥጃ ታክላለች፤ ሞተሯ ግን እንደ ትልቁ ሄሊኮፕተር በላምባ የሚነድ ተርባይን ነው። ሐሳባቸው ሩዛቸውን ከወፍ እንድትጠብቅላቸው ነው። ሞተሩን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ተቃጥሎ ነበርና አዲስ አስመጥተዋል። መመሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ሥራው ወደ እኔ ዞረ።

እኔም የምሠራበት ምክንያት ነበረኝ። የአባቴ ማሳ ከሐጂ ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ ሩዙም ወተት ይዟል። አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል። «የሐጂ የብረት ወፍ ካልጮኸች ማማ ላይ የምትወጭው አንች ነሽ። ወንጭፉን አዘጋጅቸዋለሁ።» ሩዙ እስኪታጨድ፣ ፀሐይ አናቴ ላይ ቆሞ፣ ስጮህ መዋል ማለት ነው። ከዚያ ማንኛውም ሞተር ይሻለኛል።

ሳጥኑን ንዝረት እንዳይነካው በስፖንጅ ጠቅልዬ አሰርሁት። ገመዶቹን ከላምባ ፓምፑ፣ ከማስነሻው፣ ከማቀጣጠያው፣ ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብታ ሙቀት ከምትለካው ዘንግ ጋር አገናኘሁ። ቀጥሎ መመሪያው «አስተምሩት» ይላል። የሪሞቱ እጀታ ታች ሲሆን መጥፋት፣ ላይ ሲሆን ሙሉ ጉልበት መሆኑን ሳጥኑ መመዝገብ አለበት።

አለቃዬ ሳቀ። «ደግሞ ሳጥን ልታስተምሪ? አንችን ያስተማረሽ ምን አተረፈ?»

አስተማርሁት። ጓሮ አውጥቼ፣ ሐጂ ቆመው እያዩ፣ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል በነቀልነው ባትሪ አስነሳሁ። ትንሽ አፏጨና ቀጥ አለ። የሳጥኑ ትንሿ መስኮት ላይ «ሙቀት በዛ» የሚል ጽሑፍ መጣ። መመሪያው ላይ ባትሪው ከደከመ እንዲህ እንደሚሆን ተጽፏል። ይህን ለአለቃዬ አነበብሁለት።

«ነገረኛዋ ዘንጓ ናት፤ ንቀያት» አለኝ።

እኔ ደግሞ ሌላ ባትሪ እስኪመጣ መጠበቅ አልወድም። ነቅዬ ውጭ ንፋስ ላይ አንጠለጠልኋት። ሳጥኑ አሁን ሙቀት የለም፣ እሳቱ አልተያያዘም ብሎ አጠፋው። ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋው። በየሙከራው የገባው ላምባ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ተኝቷል፤ እኛ አላሰብነውም። ተናድጄ ዘንጓን መለስሁና ለአራተኛ ጊዜ ማስነሻውን ተጫንሁ።

የሰው ቁመት የሚያህል ነበልባል በጭስ ማውጫው ወጣ። ሐጂ «ላ ኢላሀ ኢለላህ!» አለቃዬ «በስመ አብ!» ሁለቱም አንድ በርሜል ጀርባ ተገናኙ። ሳጥኑ ብቻ አልደነገጠም። ላምባውን ዘጋ፣ ማራገቢያውን እያዞረ ሞተሩን አቀዘቀዘው።

«ሐጂ፣ ጥሩ ባትሪ ያምጡልኝ» አልሁ። አለቃዬን አላየሁትም። ሞተሩን ዘቅዝቄ ላምባውን አፈሰስሁ፤ ሐጂ ከባጃጅ ባትሪ አስፈትተው አመጡ። በመጀመሪያው ተነሳ። አለቃዬ ከበርሜሉ ጀርባ ወጥቶ «ብያችሁ ነበር» አለ።

ማብረሩን ማንም አልደፈረም። ሐጂ «ይጩኽ እንጂ መብረሩስ ይቅር» ብለው ማሳቸው ዳር ባስተከሉት ወፍራም ግንድ ላይ አሳሰሯት። በማግሥቱ አስነሳኋት። ወፉ እንደ ደመና ከሐጂ ሩዝ ላይ ተነሳ፣ አንዴ ዞረ፣ የአባቴ ሩዝ ላይ ሰፈረ።

አባቴ ወንጭፉን አቀበለኝ።

«ጮኸች እኮ!» አልሁት።

«ሰምተናል። ማማው ላይ ውጭ።»

ወጣሁ። በአምስተኛው ድንጋይ ወፉ ወደ ሐጂ ተመለሰ። ሄሊኮፕተሯ ላምባ ጨርሳ ጠፍታለች፤ ሐጂ እየሮጡ ማማው ሥር መጡ።

«ልጄ፣ ውረጅና አስነሽልኝ።»

«የላኩብኝን ወፍ እየጠበቅሁ ነው ሐጂ።»

«እኔ ነኝ የላክሁት? አላህ ነው።»

«እንግዲያ እሱ ያስነሳልዎ።»

«አፍሽን ያዥ!» አለ አባቴ ከታች። ግን አልወረድሁም። «ድንበሩ ላይ፣ ከሁለታችን መካከል ከተከሏት እወርዳለሁ» አልሁ። ሐጂ አንዴ ወደ ሩዛቸው፣ አንዴ ወደ እኔ አዩና ግንዱን አስነቀሉ።

ድንበሩ ላይ ሲያስተክሉት ወርጄ፣ ላምባ ሞልቼ አስነሳኋት። ወፉ ሁለታችንንም ለቅቆ ከማዶ የጎረቤታችን የመሪጌታው ማሳ ላይ ሰፈረ። ወዲያው የመሪጌታው ልጅ፣ አብራኝ የተማረችው፣ ወንጭፍ ይዛ የራሳቸውን ማማ ስትወጣ አየኋት። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር የሰደበችኝን ሁሉ አልሰማሁም፤ ወደ እኔ የምታወናጭፈው እጇ ግን በደንብ ይታየኝ ነበር።