በድራማ ምክንያት አፌን ፈታሁ

ዛሬ ሱቃችን በር ላይ፣ በሰው መሃል ጮክ ብዬ ተናገርኩ! እኔ ዝምተኛዋ!

ትናንት ማታ የምንከታተለው ድራማ የገዳዩን ጀርባ ብቻ አሳይቶ አለቀ። መርካቶ ያለው ተራችን በሙሉ በዚሁ ሲከራከር አረፈደ።

ከጎናችን ብርድ ልብስ የሚሸጡት ጋሼ ሙደሲር፣ "ዘበኛው ነው፣ ወላሂ!" ይላሉ። እናቴ ደግሞ፣ "ኧረ የሟቹ ወንድም ነው!" ትላለች። ደንበኛ ቆሞ ዋጋ ይጠይቃል፣ ማን ይስማው!

እኔ ጃኬት እያጠፍኩ መልሱን አውቄዋለሁ። እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነበር፤ ግን አመለጠኝ።

"ሚስትየው ናት! የገዳዩ ኮት ከኋላ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ የሴት ነው!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ጋሼ ሙደሲር፣ "ገዳዩስ ይቆይ፣ ይቺ ልጅ ለካ ድምፅ አላት!" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እንደኔ ድራማ አፋችሁን ያስፈታችሁ አላችሁ? ሚስትየው አይደለችም የምትሉም ኑ፣ ዛሬ አልፈራም።