ሣልሳችንን ስጡን

ሥርጉት በትምህርት ዘመኗ ሁለተኛ ወጥታ አታውቅም። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደረጃዋ አንደኛ ነበር። ለሁለተኛ ደረጃ ቡሬ ገብታ ከሌሎች የገጠር ልጆች ጋር ቤት ስትከራይም ጥጓን ይዛ ለብቻዋ የምታጠና፣ ደብተሯን ለማንም የማታውስ ልጅ ነበረች። ጓደኞቿ ሲለምኗት፣ "እኔ ስጽፍ የት ነበራችሁ?" ብላ ደብተሩን ከትራሷ ሥር ትከተዋለች። ክፋት አልነበረም። ከስድስት እኅትና ወንድም መካከል ትምህርቷን የገፋችው እሷ ብቻ ስለነበረች፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ከቀረች ወደ ቤት የሚመልሷት ይመስላት ነበር።

መምህርት ከሆነች በኋላም ይህ ጠባይዋ አልለቀቃትም። ትምህርት ቤቱ ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ ግማሽ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ነው። እዚያ ሰባት ዓመት ያስተማረችው ዜሮ ክፍልን፣ ማለትም አንደኛ ክፍል ሳይገቡ ፊደልና ቁጥር የሚለምዱትን የስድስት ዓመት ልጆች ነበር። ስልሳ ሦስት ልጆች በረድፍ ይቀመጣሉ። ሥርጉት በአርጩሜዋ ሰሌዳውን ነካ አድርጋ "ሀ" ስትል ስልሳ ሦስቱ "ሀ" ብለው ይጮኻሉ። የቀደመ ይጨበጨብለታል፤ የዘገየ ቆሞ ይውላል። ክፍሏ ጸጥታ የሰፈነበት ነው ተብላ በየስብሰባው ትመሰገን ነበር።

አንድ ክረምት የዜሮ ክፍል መምህራን ፍኖተ ሰላም ላይ ለአሥር ቀን ሥልጠና ተጠሩ። አሠልጣኟ ወይዘሮ ንግሥቴ የሚባሉ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። የመጡትም ልጆች እርስ በርስ እየተጋገዙ ስለሚማሩበት መንገድ ሊያሠለጥኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን መምህራኑን ስድስት ስድስት አድርገው አስቀመጡና አንድ ታሪክ ስድስት ቦታ ቆርጠው ለእያንዳንዱ ሰው አንዷን ቁራጭ ሰጡ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ የጠፋው በሬ ምን ሆነ?

ሥርጉት ድርሻዋን በአንድ ትንፋሽ አነበበችው። በሬው ከጎረቤት በረት ታስሮ ተገኘ ይላል። የሌሎቹን አልጠበቀችም፤ "ጎረቤትየው ሰርቆት ነው" ብላ ጽፋ ከማንም ቀድማ አስረከበች። ከዱርቤቴ የመጡ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው መምህር ግን ገና መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ቀስ ብለው አነበቡ። ጎረቤትየው በሬውን ከጎርፍ አውጥቶ፣ እግሩ እስኪድን ከራሱ በረት አስሮ ሲቀልብ ከርሟል።

የሥርጉት ፊት ጋለ፤ እጅ ግን አልሰጠችም። "ሙሉውን ታሪክ ቢሰጡኝ አልሳሳትም ነበር" አለች።

"ሙሉውማ ተሰጥቶሽ ነበር፤ አምስት ሰው ይዞልሽ ነበር" አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ። "አልጠየቅሽም።"

ይህች ንግግር ሦስት ቀን ሙሉ አናደደቻት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ክንዷን አጣጥፋ ትውላለች። በአራተኛው ቀን ተነሥታ ክርክር ገጠመች። በቡድን ሲባል ጎበዙ ይሠራል፣ ሰነፉ ተጠግቶ ያልፋል፤ እኔ ይህን በዓይኔ ያየሁ ነኝ አለች። ወይዘሮ ንግሥቴ አልተቆጧትም። እንደዚያ የሚሆነው ሥራው ለአንድ ሰው የሚበቃ ሲሆን ነው፤ ለብቻ የማይጨረስ ሥራ ስጪያቸው አሏት። እንዴት ያለ ሥራ ብላ ስትጠይቅ፣ ልጆችሽን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም ብለው መለሱላት።

መስከረም ላይ ልጆቿን ሰባት ሰባት አድርጋ በዘጠኝ ቦታ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው። ለየቡድኑ አንድ እፍኝ ጠጠር ሰጥታ ቁጠሩ አለች። እንዳሰበችው አልሆነም። በአንዱ ቡድን ሁለቱ በጠጠር ይወራወራሉ፣ አንዱ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ሦስቱ ያለቅሳሉ። ሰብሊ የምትባል ፈጣን ልጅ ደግሞ ጠጠሩን ሁሉ ከቀሚሷ ሰብስባ ለብቻዋ ቆጥራ ጨረሰችና ክንዷን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሥርጉት ልጅቷን ቆማ አየቻት። ያየችው ራሷን ነበር፤ ደስም አላላትም።

መላው የመጣላት ከራሱ ከፊደል ገበታው ነው። እያንዳንዱ ፊደል ሰባት ነው፤ ከግዕዝ ጀምሮ እስከ ሳብዕ። ቡድኖቿም ሰባት ሰባት ልጆች ናቸው። ከባለሱቁ የሳሙና ካርቶን ለምና ቆራረጠችና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ፊደል ጽፋ ሰጠች። አንዱ ቡድን የ"ለ" ቤት፣ ሌላው የ"በ" ቤት ሆነ። ልጆቹ ተነጋግረው በተራቸው መሰለፍ አለባቸው፤ ሰባቱም ድምፃቸውን ካላሰሙ ቤቱ አልሞላም። ካርቶኑ በየሳምንቱ ይዞራል፤ ያስረከበ ልጅ ለተረካቢው ድምፁን ማስተማር ግዴታው ነው። ሰብሊ እንኳ በቀሚሷ የምትሰበስበው ነገር አጣች፤ ካዕቡን የያዘው ልጅ ካላወቀ የሷ ማወቅ ለብቻው ምንም አይሠራም። መጀመሪያ ልጁን ቆነጠጠችው። በሳምንቱ ከንፈሯን አሹላ "ሉ" እንዴት እንደሚባል ታሳየው ጀመር።

ክፍሉ ተንጫጫ። አርጩሜው ከመስኮቱ ደፍ ላይ አቧራ ጠጣ። ርእሰ መምህሩ አቶ ክንዱ በበሩ ባለፉ ቁጥር ቆም እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ነገሩ የፈነዳው በበርበሬ ለቀማ ሰሞን ነው። የ"ለ" ቤት ሣልስ የነበረችው ማሚቱ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። እናቷ በርበሬ ለቀማ ስለወጣች ዘጠኝ ወር የሆነውን ወንድሟን እንድትይዝ አባቷ አቶ ገብረሰንበት ከቤት አስቀርተዋታል። ስድስቱ የቤቱ ልጆች በተሰለፉ ቁጥር ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። በሦስተኛው ቀን ሲለቀቁ ማንም ሳይልካቸው ተያይዘው ሄዱ። አቶ ገብረሰንበት ደጃቸው ላይ በርበሬ ሲያሰጡ፣ ስድስት ልጆች መጥተው ከፊታቸው በተራ ቆሙ።

"ሣልሳችንን ስጡን" አለች ሰብሊ።

"ምናችሁን?"

"ሊን። ያለሷ ቤታችን አይሞላም።"

ጎረቤት ሰማ። በማግሥቱ መንደሩ፣ የስድስት ዓመት ሽማግሌዎች ገብረሰንበትን ልጅህን ስጠን አሉት እያለ ሲስቅ ዋለ። አቶ ገብረሰንበት የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ መሣቂያ መሆን አልወደዱም። በሚቀጥለው ጠዋት ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው፣ መምህርቷ ልጅ እየላከች ቤቴን ታስከብባለች ብለው ከሰሱ።

አቶ ክንዱ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ከወረዳ የሚመጣው ሱፐርቫይዘር የሚሞላው ቅጽ አለ፤ እሳቸውም ቅጹ እንዲሞላ ይፈልጋሉ። ሥርጉትን አስጠርተው ወንበሮቹን ወደ ረድፋቸው እንድትመልስ ነገሯት። ቡድን የግድ ካስፈለጋትም ወጉ አንድ ለአምስት ነው፤ ከየቡድኑ ጎበዙን አለቃ አድርጋ ትሹም፣ አለቃውም የሰነፎቹን ስም ለሷ ሪፖርት ያድርግ። ሥርጉት አዳመጠቻቸውና ልጅን በልጅ ላይ አለቃ አልሾምም አለች። እሳቸው ትእዛዝ ነው አሉ። እሷ በጽሑፍ ይስጡኝ አለች።

በጽሑፍ ከመስጠታቸው በፊት የወላጆች ስብሰባ ጠሩ። ወላጆች ከአራተኛ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። አቶ ገብረሰንበት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ልጆቻችንን የላክናቸው ፊደል እንዲቆጥሩ ነው፣ ጨዋታማ ከቤትም አላቸው አሉ። ቀጠሉና፣ በደቦ መማር የሚባል ሰምተው እንደማያውቁ፣ ደቦ ላይ እንኳ ሰነፍ ከሰው መሐል ገብቶ ማጭዱን ሲያወዛውዝ እንደሚውል ተናገሩ። ሰው ሣቀ።

ሥርጉት ተነሣች። ፊቷንም ወደ አቶ ገብረሰንበት አዞረች።

"አያ ገብረሰንበት፣ ስለ ደቦው ልክ ነዎት። እኔም ሰነፍ የሚደበቅበት ነገር አልወድም። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ አንድ ፊደል የሰጠሁት። ከሰባት አንዱ ሲጎድል ያስታውቃል። እስከ ዘንድሮ ከስልሳ ሦስት ልጅ አንዱ ቢቀር እኔ ራሴ ላውቅ አልችልም ነበር። የማሚቱን መቅረት ግን ጓደኞቿ አወቁ፤ እግራቸውን አንሥተው መጡ። እኔ አልላክኋቸውም፤ ብልካቸው ኖሮ ግን አላፍርበትም።"

አቶ ክንዱ አንድ ለአምስትን አነሡ። ከኋላ አስካለ ማርያም የሚባሉ የልጆች እናት፣ እሱንስ እኛ ራሳችን አየነው፣ ጠርናፊ የተባለው አለቃ ከበላያችን ቁሞ ስማችንን ሲመዘግብ ነው የከረመው፣ ምነዋ ደግሞ ለነዚህ ጨቅላዎች አሉ። ማጉረምረም ሆነ። ርእሰ መምህሩ ወረቀታቸውን አገላበጡ።

አቶ ገብረሰንበት ግን አልተረቱም። በወሬ አይሆንም፤ ልጄ ትጠራና እዚህ ለብቻዋ ታንብብ አሉ። ማሚቱ ወንድሟን እንዳዘለች ከደጅ ገባች። ሥርጉት የ"ለ"ን ቤት ሰሌዳው ላይ ሳታስተካክል እያዘበራረቀች ጻፈችው። ልቧ ፈራ፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከቀረች ሳምንት ሊሞላት ነው። ማሚቱ ጣቷን እየቀሰረች ሣልሱን አነበበች፣ ግዕዙን፣ ሳብዑን፣ ካዕቡን፣ ሳድሱን፣ ራብዑን። ኀምሱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ሰው ሁሉ ጠበቀ። አልመጣላትም።

"አንዷን ሳተቻት" አሉ አባቷ።

"አዎ፣ ሳተቻት" አለች ሥርጉት። "ኀምሱን የምታስረክባት ልጅ ይህን ሁሉ ቀን ጠብቃ አጣቻት። ነገ ከመጣች ታገኛታለች። ካልመጣች ግን የሳተችው እሷ አይደለችም፤ እርስዎ ነዎት።"

እንዲህ ያለ ንግግር ለታላቅ ሰው በአደባባይ አይነገርም።  ሥርጉት ጎንበስ ብላ፣ አያ ይቅር ይበሉኝ፣ አነጋገሬን እንጂ ነገሩን አልመልሰውም አለች።  አቶ ገብረሰንበት በትራቸውን አንሥተው ልጃቸውን ይዘው ወጡ።

በማግሥቱ ማሚቱ መጣች፤ ወንድሟን እንዳዘለች። ለቀማው ገና አላለቀም ነበርና አባቷ ያገኙት መፍትሔ ይህ ነበር። ሥርጉት ሕፃኑን ተቀብላ ከክፍሉ ጥግ ገሣ ዘርግታ አስቀመጠችው። ተመዝጋቢ ያልሆነ ሕፃን ክፍል አይገባም የሚል ደንብ እንዳለ ታውቃለች። የ"ለ" ቤት ልጆች ተራ ገብተው ሲጠብቁት ዋሉ። ከምሳ በፊት ማሚቱ "ሌ" ስትል ስድስቱ እጃቸውን አጨበጨቡላት፤ ሕፃኑም ደንግጦ አለቀሰ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው በሳምንቱ ደረሳት። ወንበሮችን በታዘዘው መሠረት ባለመመለስ፣ አለቃ ባለመሾም፣ ሕፃን ወደ መማሪያ ክፍል በማስገባት ይላል፤ ማኅተምም አለበት። ሥርጉት ቆማ አነበበችው። ዕድሜዋን ሙሉ የምስጋና ወረቀት ስትቀበል ኖራ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስሟ ተጽፎበት ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።  ብዕር አንሥታ በመቀበያው መዝገብ ላይ በፊርማዋ ጎን "ተቀብያለሁ። አልስማማም" ብላ ጻፈች።

ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ቅጹን ሞላ፤ ስለ ሥነ ሥርዓት ዝቅተኛ፣ ስለ ንባብ ከፍተኛ ብሎ ሄደ። ሰኔ ላይ ከስልሳ ሦስቱ ሃምሳ አራቱ ፊደሉን ለቅመው ጨረሱ። ዘጠኙ ገና ናቸው፤ ሥርጉት ስለ ዘጠኙ ማንንም አልዋሸችም። አቶ ገብረሰንበት ባገኟት ቁጥር ክፍልሽ የገበያ ቀን ይመስላል እያሉ ይነቅፏታል፤ ማሚቱ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልቀረችም። ለፍኖተ ሰላሟ አሠልጣኝ ደወለችና፣ በሥልጠናው ሰሞን በመከራከሯ ይቅርታ ትጠይቃለች ብለው ሲጠብቁ፣ ሌላ ክርክር አነሣችባቸው፤ ቁጥርንስ እንዴት ለሰባት ልጅ ላካፍል ብላ። ወይዘሮ ንግሥቴ ሣቁ።

አቶ ክንዱ የዓመቱን ፋይል ሲያደራጁ የማስጠንቀቂያውን ግልባጭ አጡትና አስጠሯት። በእጅሽ ያለውን አምጪና ኮፒ ይደረግ፣ የት አደረግሽው አሏት።

"ጀርባው ንጹሕ ነበር፤ ካርቶን አልቆብኝ ቆራርጬ የ'ጨ'ን ቤት ጻፍኩበት" አለች ሥርጉት። "ልጆቹ ጋ ነው፣ እያነበቡት ነው። ካስፈለገዎት ይምጡና ሰባቱን ይጠይቋቸው።"