የእትዬ አጸደ ተራራ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ሳልናገር ጡረታ ወጥቻለሁ። ሚስቴ አታውቀውም፣ ልጆቼም አያውቁትም ነበር። ባለፈው ሰኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ። ዛሬ ለእናንተ ስጽፈው ደረቴን ቀሎኛል። የቀለለኝ ግን በደሌ ስላነሰ አይደለም።

በደርግ ዘመን ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ አንኮበር ውስጥ ከጎረቤላ ከተማ ቁልቁል ባለች፣ አራት ክፍል ብቻ ባላት ትንሽ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አራተኛ ክፍል ውስጥ ታደለች የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። እናቷ እትዬ አጸደ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ልጆቹ «ቡዳ ናት፣ ትበላናለች» እያሉ አጠገቧ አይቀመጡም። እነሱ በየዴስኩ አራት አራት ሆነው ሲጣበቡ፣ እሷ አንድ ዴስክ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። እኔስ ምን አደረግሁ? አየሁ። አይቼ ዝም አልሁ።

አንድ ቀን ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ በአንኮበር ሸንተረር ላይ የሚዘንበው ዝናብ ግማሹ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይወርዳል አልኋቸው። በቃላቸው ደገሙልኝ እንጂ አንዱም አልገባውም። ታደለች ከክፍል ስወጣ ተከትላ መጣችና «መምህር፣ እማዬ ተራራውን በሸክላ ትሠራዋለች» አለችኝ።

እውነትም እትዬ አጸደ ሠሩት። በአራት ቁራጭ አበጅተው፣ በኩበት እሳት ተኩሰው፣ ቁራጮቹን ሲገጥሟቸው ሸንተረሩም ገደሉም ቆላውም ቁልጭ ብሎ ታየ። ሲያስረክቡኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጆቹ መጀመሪያ በእጃቸው ይንኩት መምህር። ከነኩት በኋላ ማን እንደሠራው ይንገሩልኝ። ምንም እንዳልሆኑ ሲያዩ ልጄን አይሸሿትም።»

«እነግራቸዋለሁ» አልሁ።

ልጆቹ በጣሳ ውሃ እየቀዱ በተራራው አናት ላይ አፈሰሱ። ውሃው ከሸንተረሩ ላይ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም በኩል ሲወርድ፣ በጣታቸው እየተከተሉ ይስቁ ነበር። በቃል ያልገባቸው በአንድ ጠዋት ገባቸው። ታደለች ውሃውን አታይም ነበር። እኔን ነበር የምታየው፤ አፌን። እኔ ግን በልቤ «ነገ እነግራቸዋለሁ» አልሁ። ነገ ለምን? ቃሉ እኮ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ አይተውት ተደነቁ። ደብረ ብርሃን ላይ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ኤግዚቢሽን ስለነበር ይዤው እንድሄድ አዘዙኝ። እዚያም ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡ አንድ ሰው ተራራውን ዞረው ዞረው አዩትና ጠየቁኝ።

«ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«በገዛ እጅህ?»

«በገዛ እጄ።»

ሁለት ጊዜ ተጠየቅሁ፣ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። ዘመኑ ነው እንዳልል፣ በየስብሰባው ሸክላ ሠሪና ሸማኔ አይናቅ እየተባለ ይሰበክ የነበረው በዚያው ዘመን ነው። እውነቱን ብናገር ያጨበጭቡልኝ ነበር። ፈርቼም አይደለም። ደብረ ብርሃን መዛወር ፈልጌ ነው። ተዛወርሁም።

ከመሄዴ በፊት ከአውራጃው የተላከልኝ የምስጋና ደብዳቤ በጠዋት ሰልፍ ላይ ተነበበ። «መምህራችን በገዛ እጃቸው የሠሩት» የሚለው ሲነበብ ታደለች ሰልፉ መካከል ቆማ ነበር። አቀርቅራ አየኋት። ከዚያ ቀን ወዲያ አልመጣችም። ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ ዴስኳ ላይ ተከፋፍለው ተቀመጡ። እኔም እዚያው ፊታቸው ቆሜ አስተማርሁ። ሄጄ ልጠይቃት እችል ነበር፤ ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ይታያል። አልሄድሁም።

ባለፈው ሰኔ ለለቅሶ ወደ አንኮበር ስሄድ እትዬ አጸደ በሕይወት እንዳሉ ሰማሁ። እግሬ ወሰደኝ። ዓይናቸው ደክሟል። ታደለች አጠገባቸው ተቀምጣ ጭቃ ታሽ ነበር፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ለእኔ ምን ብለው ይነግሩኛል?» አሉኝ እትዬ አጸደ። «ማን እንደሠራው እኔ አውቀው የለም እንዴ? ለማያውቁት ይንገሩ።»

በዚያው ሳምንት ያስተማርሁበት ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነበረው። ርእሰ መምህሯን አስፈቅጄ እናትና ልጅ በተቀመጡበት፣ በሕዝቡ ፊት ቆምሁ። ተራራውን የሠሩት እትዬ አጸደ ናቸው፤ እኔ ሠራሁት ብዬ ዋሽቻለሁ፤ ልጃቸውንም ከትምህርት ያስቀረኋት እኔ ነኝ አልሁ። ከዚያ ያኔ አራተኛ ክፍል የነበረ፣ ዛሬ ሽበታም ገበሬ የሆነ ተማሪዬ ተነሣ።

«ውሃውን ካፈሰሱት አንዱ እኔ ነኝ» አለ። «የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ዛሬ ገና ሰማሁ።»

ሄዶም የእትዬ አጸደን ጉልበት ሳመ። ሌሎችም ተከተሉት። እትዬ አጸደ ወደ እኔ ዞረው «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አሉኝ።

ታደለች ግን «እኔ አራተኛ ክፍልን አልጨረስሁም፣ መምህር» አለችኝ። ሳትቆጣ፣ እንዲሁ እንደ ወሬ ነው የነገረችኝ።

ልክ ናት። ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨነቅኋትም። ሽቅቡን ለብቻዬ ስወጣ ግን እያለቀስሁ ፈገግ እል ነበር። እሷ በደሌን በፊቴ ነገረችኝ፤ እኔም ሳልሸሽ ሰማኋት።