ጥቁር ሻል ለብሼ ያስተማርኩት ኮከብ

የደብረ ብርሃንን የንጋት ብርድ የማያውቅ ሰው አይፍረድብኝ። ያን ጥቁር ሻል የለበስኩት ለሌላ ለምንም አይደለም፤ ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር ነው። ከቤት ስወጣ እጄ የገባው እሱ ነበር፣ ተከናንቤው ወጣሁ። ዛሬ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ለሰው እንኳ ልሰጠው አልቻልኩም።

ቀን ቀን ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ባሉበት መጠለያ ለእናቶች ፊደል አስቆጥራለሁ። አንድ ምሽት መብራት ሄደና ሁላችንም ውጭ ወጥተን ቆምን። ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው፣ እትዬ የምላት ሴት፣ ወደ ሰማዩ ቀና አለች።

"እስቲ አስተማሪዋ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ወይስ ከሀ ሁ ሌላ አታውቂም?"

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ እንዲህ ናት፣ ሰው ሳትነካካ አትውልም። መጀመሪያ እርስዎ ብላት "አንቱታሽን ለቄስ አድርጊው" ብላ ተቆጥታኝ ነው አንቺ ማለት የጀመርኩት።

የልጇን ነገር መጠለያው ሁሉ ያውቃል። አንድ ልጅ ነው ያላት። "በቆሎውን ሰብስቤ እከተልሻለሁ" ብሎ እዚያው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ስልኩ አይሠራም። አየሁት የሚል የለም፣ ሞተ የሚልም የለም። እሷ ግን ይመጣል ባይ ናት፣ ጋቢ እንኳ አዘጋጅታ አስቀምጣለታለች። "ቆላ ያደገ ልጅ ነው፣ ይሄን ብርድ በምን ይችለዋል?" ትላለች።

ለጥያቄዋ የማውቀውን ነገርኳቸው። ኮከብ ማለት ፀሐይ ነው፤ የእኛዋም ፀሐይ ኮከብ ናት፣ ቅርባችን ስለሆነች ነው የገዘፈችው። የቀሩት ከመራቃቸው የተነሳ ነጥብ መሰሉ። ቀላ የሚሉት ሰማያዊ ከሚመስሉት ይልቅ ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው ስል እትዬ "ውሸትሽን ነው! ፍም ቀይ አይደለም እንዴ?" ብላ ሞገተችኝ። የአጥቢያ ኮከብ ኮከብ አይደለችም ስላቸውማ ጉድ ፈላ።

"ልጄ ለእርሻ የሚነሳው እሷን አይቶ ነው!" አለች እትዬ።

እንደ መሬት ያለች ፕላኔት ናት፣ የምታበራው የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! በመጨረሻ ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበን በዓይናችን ልናያት ተቀጣጠርን።

ረቡዕ ሳይነጋ ነቅቼ በመስኮት ባይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከጣርማ በር የሚመጣውን ጉም አውቀዋለሁ፤ ሐሙስ ቢዘጋብንስ? መቼም ችኮላ ጠላቴ ነው። ለመጠለያው ሽማግሌ ደወልኩና እናቶቹ ይነሱልኝ አልኩ። እትዬ ስልክ የላትም፣ ቤቷም መጠለያው ዳር ላይ ነው፤ እሷን ራሴ ልቀሰቅሳት ወጣሁ። ሽማግሌው "በውሻ ልትበዪ ነው እንዴ?" ብለው ሊሸኙኝ መጡ። ወደ ኪዳን የሚሄዱ ቄስም መንገድ ላይ አገኙንና "እስቲ እኔም ይሄን ጉድ ልይ" ብለው ተከተሉን።

እንግዲህ አስቡት። ሳይነጋ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ሽማግሌ፣ ቄስ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት። መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት፣ እንደነዚህ ባሉ ሰዎች ነው። በቀጥታም አይነገርም፣ ዙሪያውን ተኪዶ ነው። ይሄን የማላውቅ ፈረንጅ አይደለሁም እኮ! የአባቴን መርዶ አገሬ ጎረቤላ ላይ እንዲሁ ነው የተረዳሁት።

ደጃፏ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ጅሏ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩና ነገር ማሳመር ጀመርኩ።

"ብርሃን ተጉዞ ነው የሚደርሰን፣ እትዬ። የፀሐይ እንኳ ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል። የሩቆቹማ ስንት ዘመን! እኛ እናየዋለን እንጂ አንዳንዱ ኮከብ ከጠፋ ቆይቷል። ወሬው ነው ገና ያልደረሰን።"

"መቼ?" አለች።

"ማን ያውቃል። ሳይቆይ አይቀርም።"

ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። "ልጄን! አንድዬን!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ከየበሩ ሴቶች እየሮጡ ወጡ። እያንዳንዷ የምትጠብቀው ሰው አላትና ማን ለማን እንደሚያለቅስ አይለይም ነበር። እኔ መካከላቸው ቆሜ "ስለ ኮከብ ነው! ስለ ኮከብ ነው የነገርኳት!" እያልኩ እጮሃለሁ።

እትዬ ተነስታ ሁለቱን ክንዶቼን ጨመደደችኝ።

"እንግዲያ ልጄ አለ?"

አለ ልል አፌን ከፈትኩ። ከየት አምጥቼ?

"አላውቅም፣ እትዬ" አልኳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ያልኩትም እኮ ልክ አልነበረም። በዓይናችን የምናያቸው ከዋክብት ከሞላ ጎደል ሁሉም ዛሬም አሉ፤ ዕድሜያቸው ብርሃናቸው ከሚፈጅበት ጊዜ እጅግ ይረዝማል። ወሬ ለማሳመር ብዬ ነው የገደልኳቸው።

እሷ ግን ይቅር አለችኝ። ይባስ ብላ ቀልድ አደረገችው። በሄድኩ ቁጥር "ሻሉን ትተሽው መጣሽ? ተመስገን! ዛሬ የሞተ ኮከብ የለም ማለት ነው" ትለኛለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌው ደወሉልኝ። ገና ድምፃቸውን ስሰማ ገባኝ። ከልጇ ጋር የነበረ ሰው ተገኝቷል፤ በእጁ ቀብሮታል። "ትወድሻለችና አንቺም አብረሽን ብትሆኚ" አሉኝ። እንቢ ማለት አማረኝ፣ ግን በምን አፌ?

ነጭ ነጠላ ለብሼ ሄድኩ። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌው በሯን አንኳኩ። ቄሱ አጠገባቸው ቆመዋል፣ እኔ ከኋላቸው ነኝ፣ ጎረቤቶቹም ፈንጠር ብለው ይጠብቃሉ።

ከፈተች። ሽማግሌውን አየች፣ ቄሱን አየች፣ እኔን አየች። ምንም አልደነገጠችም። ፈገግ ብላ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣችና ቀና ብላ ሰማዩን ቃኘች።

"እሺ አስተማሪዋ" አለች፣ "ዛሬ ደግሞ የትኛው ነው?"

ሽማግሌውም ቄሱም ዞረው እኔን አዩኝ።