ከድምፅ ኋላ የተሰለፉ እጆች

አስተርጓሚዋ እንጀራዋ በጣቶቿ ላይ ነው። ሐኪም የሚናገረውን መስማት ለተሳናቸው ሕሙማን ከቤቷ ሆና በቪዲዮ፣ በእጆቿ ታደርሳለች። ቋንቋውን ያገኘችው ከትምህርት ቤት አይደለም። እናቷ መስማት የተሳናት ናትና እሷም ወንድሟም አፍ ሳይፈቱ እጅ የፈቱ ልጆች ናቸው።

ሰሞኑን ግን ምስሉ እየቆመ መከራዋን አበላት። ጣቶቿ «ክኒኑን» ብለው አየር ላይ ይደርቃሉ፤ ሕመምተኛው «ዋጥ» ትበለው «ተው» ትበለው ሳያይ ይቀራል። አሠሪዋም «እህቴ፣ ከደገመሽ ሌላ ሰው እናስገባለን» ብላታለች።

የሚኖሩበትን ሕንፃ የጋራ ኢንተርኔት የሚያስተዳድረው ወንድሟ ነው። በጠየቀችው ቁጥር «መስመሩ ነው እታለሜ፣ እኔ ምን ላድርግ?» ይላታል። ታምነዋለች። ወንድም አይደል?

ዛሬ ደገማት። ሥራዋም በአንድ ስልክ አለቀ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስታነባ ያገኘቻት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ፣ ነገሩ ኢንተርኔት መሆኑን ስትሰማ ተገረመች።

«ውይ፣ ለእኛስ ወንድምሽ ይባረክ! በኢንተርኔት የምንደውለው ስልክ ተቆራረጠ ብለን ብንጮህበት ድምፅን አስቀደመልን። ቪዲዮ የተባለ ሁሉ ኋላ ይሰለፍ አለ። ጎረምሳው ሁሉ ፊልሙን ቢጠብቅ አይሞት!»

ወደ እናቷ ቤት ስትወጣ እንጉርጉሮ አፏ ላይ መጣ፦

ባዳ ቢገፋኝማ፣ ስቄው ባለፍኩኝ፤
የናቴ ልጅ ገፋኝ፣ በሱ ነው ያዘንኩኝ።

ወንድሟ ከእናታቸው ጎን ምሳውን ይበላል።

«ቪዲዮን ኋላ ያሰለፍከው አንተ ነህ?»

ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። «ጮሁብኛ! ማሽኑ እንደሆነ ያንቺን ሥራና ፊልሙን አይለይም።»

«አንተስ? አትለይም?»

«አንቺ… አንቺ አትጮሂም። ትችይዋለሽ ብዬ ነው። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

«አሁን ለማን?»

እናት ከንፈር ከንፈራቸውን እያየች በእጇ ጠየቀች፦ ምን ሆናችኋል?

«በሞቴ፣ አትንገሪያት» አለ።

አስተርጓሚ ግን ከሰማው አይቀንስም፣ አይጨምርም። የጎረቤቶቹን ጩኸት፣ ከድምፅ ኋላ የተሰለፉትን እጆች፣ የጠፋውን ሥራ አንድ በአንድ ነገረቻት። በመጨረሻ «አትንገሪያት» ማለቱንም።

እናት ልጇን ትኩር ብላ አየችው። ሊያስረዳት ሁለት እጆቹን አነሳ።

እናቱ ዓይኖቿን ጨፈነች።